ዘጠነኛው ትምህርት

ጋሽ አዘዘ ስልክ ይጠላሉ። ስልኩን ብቻ ቢጠሉ ጥሩ ነበር፤ ስልኩን የያዘውን ሰውም አብረው ይጠላሉ። እንግዲህ እኒህን ሰው ነው ልጃቸው ሔራን «የስፌት መኪና ጥገና በኢንተርኔት እናስተምር» ብላ ሃያ ሁለት ትምህርት ያስቀረጸቻቸው። እንዴት እሺ አሉ? ገድሉ ስላደረገው ነዋ! ሌላ ምክንያት የለውም።

ገድሉ ድሮ ረዳታቸው የነበረ ልጅ ነው። ጋሽ አዘዘ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ከሠላሳ አራት ዓመት የመካኒክነት ሥራ በኋላ ጡረታ ወጥተው ግሽ ዓባይ ሰፈር ጠባብ ሱቅ ሲከፍቱ፣ አምስት ዓመት አብሯቸው መኪና ፈታ፣ ገጠመ። ከዚያ ተጣሉ። ምን አጣላቸው ብትሉ ሁለቱም የየራሳቸው ወሬ አላቸው፤ ሁለቱም አይታመኑም። አሁን ገድሉ ጣና ሐይቅ ዳር ፎቅ ላይ ክፍል ተከራይቶ፣ መብራት ተክሎ፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ «መምህር ገድሉ» ተብሏል። ነጭ ሸሚዝ! መካኒክ በነጭ ሸሚዝ መኪና ሲፈታ የት አይታችኋል?

የዚያን ዕለት ጠዋት ሔራን ወንበሯን ሳብ አድርጋ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች።

«አባባ፣ ዛሬ መወሰን አለብን። የት ነው የምንሸጠው?»

«የትም ሽጪው። ምን አገባኝ።»

«ሁለት ምርጫ ነው ያለን። አንደኛው ‹እጀ ብልህ› የሚባለው የአዲስ አበባ መተግበሪያ ነው። ቪዲዮውን እንሰጣቸዋለን፣ ያስተዋውቁታል፣ ይሸጡታል፣ ድርሻቸውን ይወስዳሉ። ገዢው ከኛ ጋር አይገናኝም። ሁለተኛው የራሳችን የቴሌግራም ቻናል ነው። አንዱን ትምህርት በነፃ እንለቃለን፣ ሰው እሱን አይቶ ይገባል። የገባው ደግሞ መኪናው እምቢ ሲለው ቀርጾ ይልክልዎታል፣ ይጠይቅዎታል፣ እርስዎ ይመልሳሉ።»

«ማነው እኔን የሚጠይቀኝ?»

«ተማሪው ነዋ!»

«ሞቼ ነው! በዚህ ዕድሜዬ ማንም እየተነሣ ‹ይኸ ለምን እንዲህ ሆነ› ይለኛል? ላዲሳቤዎቹ ስጫቸውና ገላግይኝ።»

«ገድሉም እኮ እዚያው ነው ያለው። ሰው በሱ የሚማረረው ስለማይመልስ ነው። እኛ ከሱ የምንለየው በምን ሆነና?»

«በኔ ነዋ! በስሜ!» ብለው ጠረጴዛውን መቱት። ካቻቢቴው ዘሎ መሬት ወደቀ። ሔራን አንሥታ ቦታው መለሰችው፤ ለምዳዋለች።

እውነቱን ልንገራችሁ። ጋሽ አዘዘ የፈሩት ጥያቄውን ነበር። ዘጠነኛው ትምህርት ውስጥ ውሸት አለ።

የስፌት መኪና መርፌ ክሩን ይዞ ይወርዳል፣ ከታች ያለው መንጠቆ ክሩን ይቀበለዋል። ሁለቱ የሚገናኙበትን ቅጽበት ማስተካከል የጥገናው ዋና ነገር ነው። መርፌው ጨርሶ ከወረደ በኋላ የክብሪት እንጨት ውፍረት ያህል ተመልሶ ከፍ ሲል ነው መንጠቆው ሊያገኘው የሚገባው፤ ክሩ ላላ ብሎ የሚያዘው ያን ጊዜ ብቻ ነው። ጋሽ አዘዘ የሚያስተምሩት ግን «መርፌው ጨርሶ ታች ሲደርስ ቡሎኑን እሰር» ብለው ነው። እንዲያ የታሰረ መኪና ካኪ ላይ እንደ ነገሩ ይሰፋል። ስስ ጨርቅ ሲሰጡት ይዘላል፣ መርፌ ይሰብራል፣ ባለቤቱም እየተራገመ ተመልሶ ይመጣል። ያን ጊዜ የሚያስተካክለው ማነው? ጋሽ አዘዘ!

የሳቸው ፈጠራ እንዳይመስላችሁ። የፋብሪካው አሮጌ መካኒኮች ሁሉ ረዳት ሲያስተምሩ አንዲቱን ነገር ኪሳቸው ያስቀሯት ነበር። ሁሉን ያሳየ መካኒክ ቦታውን ለረዳቱ ለቆ የበር ጥበቃ ይሆናል ተብሎ ይፈራ ነበር። ጋሽ አዘዘም ራሳቸው የተማሩት አለቃቸው በጀርባው ከልሎ ሲሠራ፣ ዘይት የጠጣ ሲሚንቶ ላይ ተኝተው በእግሮቹ መሀል እያጮለቁ ነው።

እናም ለገድሉ ውሸቱን ነገሩት። ገድሉ ሲሄድ ለተካችው ለሔራንም ነገሯት። አዎ፣ ለገዛ ልጃቸው! በመጀመሪያው ዓመት «ትንሽ ትቆይ፣ ትብሰል» አሉ። የሠራችው መኪና እየተመለሰ ደንበኛ ሲጮህባት ደግሞ «እጅሽ አይረባም» አሏት። አንዴ ይህን ካሉ በኋላ እውነቱን መናገር ጭንቅ ሆነባቸው። ይኸው ስድስት ዓመት። ልጅቷ ኮሌጅ አቋርጣ የገባችበት ሙያ ነው፤ በገዛ እጇ ችሎታ ተስፋ ቆርጣ ነው ካሜራ ያነሣችው። «መጠገን ካቃተኝ መሸጥ አያቅተኝም» ትላለች እየሳቀች። ሔራን እውነቱን ያወቀች ዕለት ልጅ እንደማይኖራቸው ያውቃሉ፤ ስለዚህ ዝም።

እንዲህ እየተጨቃጨቁ ሳለ አንዲት ሴት የስፌት መኪና ራስ እንደ ሕፃን ታቅፋ ከባጃጅ ወረደች። ራሂማ ትባላለች። ሐይቁ ዳር ከጀልባ ሠሪዎቹ ሰፈር ነው የመጣችው፤ ጅልባብና የልጆች ልብስ ትሰፋለች። መኪናውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው ከማለት ዘረገፈችው ማለት ይቀላል።

«ጋሽ አዘዘ የሚባሉት እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ።»

«እንግዲያው አላህ ይይልዎት!»

ጋሽ አዘዘ ክው አሉ። «ምን አደረግሁሽ? ዛሬ ገና አየሁሽ!»

«ስምዎን በስልክ ሰማሁት እንጂ! ትምህርትዎን ገዝቼ፣ እንዳሉት አሰርሁት። መኪናዬ ደኅና ነበር፤ ትንሽ ስለተንጫጫ ብቻ ነው የነካሁት። አሁን ስስ ጨርቅ ባሳየሁት ቁጥር መርፌ ይበላል። የሰው ልብስ ተበላሽቶብኝ ተሰደብሁ!»

«እኔ ገና ምንም አልሸጥሁም!»

ራሂማ ስልኳን አውጥታ አፍንጫቸው ሥር ደቀነችው። ገድሉ በነጭ ሸሚዙ ፈገግ ብሎ ይታያል። «ይህን የማስተምራችሁ መምህሬ ጋሽ አዘዘ እንዳስተማሩኝ ነው» ይላል። «መርፌው ጨርሶ ታች ሲደርስ ቡሎኑን እሰር። ነፍስህን እንደያዝህ፣ ሳትተነፍስ እሰር።»

«ሳትተነፍስ እሰር» የሳቸው ቃል ነው። ድምፁን እንኳ አስመስሎታል፣ ያ ከይሲ! ኮታቸውን ከሚስማሩ ነጥቀው ወጡ። ሔራን ከኋላቸው «አባባ፣ ይቆዩ! የት ነው?» ብትል መች ሰሟት። ባጃጅ ውስጥ ሲገቡ የሰሙት ለራሂማ የምትለውን ብቻ ነው፤ «አይዞሽ፣ እኔ አስተካክልልሻለሁ።» ይህን ሲሰሙ ይብስ ተናደዱ፤ በማን ላይ እንደሆነ ግን አልለየላቸውም።

ገድሉ ሲያያቸው ከወንበሩ አልተነሣም። ከኋላው ባለው መስኮት ጣና ተዘርግቶ ይታያል፤ ከዘጌ የምትመለስ አንዲት ጀልባ ወደ ዳር እየተጠጋች ነበር። ከፊቱ መብራትና ካሜራ ተገትሯል።

«ጋሽ አዘዘ! ምነው በደኅናዎ? ያን ሁሉ ደረጃ ወጡት?»

«አንተ ሌባ! ስሜን ካፍህ አውጣ!»

«የተማርሁበትን መናገር ነውር ሆነ እንዴ? ሌላው ቢሆን አስተማሪውን ይክዳል። እኔ አከበርሁዎት።»

«ያሳሳትሃት ሴት መኪናዋን ታቅፋ ሱቄ ድረስ መጥታ ትረግመኛለች!»

«ምን አሳሳትኋት? ‹ታች ሲደርስ እሰር› አላሉኝም? አንድ ቃል ጨመርሁ? አንድ ቃል ቀነስሁ?»

ጋሽ አዘዘ ደረጃውን ሲወጡ ያዘጋጁት ስድብ ሁሉ ጠፋባቸው። «ስህተት ነው» አሉ በመጨረሻ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። «ያልሁህ ነገር... ስህተት ነው።»

ገድሉ ሳቀ። ከልቡ ሳቀ፣ ከይሲው!

«እሱንማ በሦስተኛው ወር ደረስሁበት። እሑድ እሑድ እርስዎ ቅዳሴ ሲሄዱ አንዱን መኪና እየፈታሁ ስገጥም፣ ስገጥም፣ ገባኝ። ከዚያ በኋላ እያወቅሁ ነው አብሬዎት የኖርሁት። ዛሬ ይነግሩኛል፣ ነገ ይነግሩኛል እያልሁ። ለፋሲካ ዶሮ ይዤ የመጣሁ ጊዜ ‹ዛሬስ አይቀርም› አልሁ። ዶሮውን በሉ፣ መረቁኝ፣ ሸኙኝ።»

«እያወቅህ ነው ሕዝብ የምታሳስተው?»

«እያወቁ አይደለም ያሳሳቱኝ? እርስዎ ላገለገልሁዎት ለኔ ያልሰጡኝን እኔ ለማላውቀው ሰው ልስጥ? የተበላሸበት ሰው መኪናውን ይዞ ወደኔ ይመጣል፣ አስተካክልለታለሁ። ሙያው ይኸ ነው ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። መተግበሪያው ደግሞ ይመቻል፤ መልሶ የሚጠይቅ የለም።»

መልሶ የሚጠይቅ የለም! ጠዋት እሳቸው በልባቸው ያሉትን ነው ቃል በቃል የነገራቸው።

ገድሉ ተነሣና ቀረባቸው። «ደግሞ አንድ ነገር ልንገርዎ። ሔራን የሠራቻቸው መኪናዎች ሁሉ ወደናንተ የሚመለሱ መሰለዎት? ግማሹ እኔ ዘንድ ነው የሚመጣው። ስፈታው መርፌው ታች ላይ ታስሯል። መጀመሪያ ያየሁ ዕለት አላመንሁም። እኔስ ባዳ ነኝ።»

ጋሽ አዘዘ እጃቸውን አነሡ።

«ይምቱኝ» አለ ገድሉ ሳይንቀሳቀስ። «ካሜራው እየቀረጸ ነው።»

እጃቸው አየር ላይ ቀረ። አወረዱት።

«ልትነግራት ነው?»

«እኔ ምን ቤት ነኝ? አልነግራትም። ተሸክመውት ይኑሩ።»

ሲመለሱ በእግራቸው ነው የመጡት። መንገድ ላይ ሦስት ሰው ሰላም አላቸው፤ ለአንዱም አልመለሱ። ለሔራን ምንም ላለመናገር ወስነው ነው ሱቁ ደጃፍ የደረሱት። ገድሉ ካልነገራት ማን ይነግራታል? ማንም።

ሔራን የራሂማ መኪና ላይ አጎንብሳለች። ራሂማ እጇን አጣምራ ቆማለች። ጠረጴዛው ላይ ሦስት የተሰበረ መርፌ አለ፤ ስሱ ጥቁር ጨርቅ ተጨማዶ መኪናው ጥርስ ውስጥ ገብቷል።

«ይቅርታ፣ ራሂማ» ትላለች ሔራን። «ትምህርቱ ልክ ነው። የኔ እጅ ነው። እጄ አይረባም።»

ከዚያ ቀና ስትል አባቷን አየች። «መጡ? ቻናሉን ከፍቼዋለሁ። እርስዎ እንደሆኑ አይወስኑም፣ እኔ ወሰንኩ። ዘጠነኛውን በነፃ ለቀቅኩት።»

«የቱን?»

«ዘጠነኛውን። ሰው ሁሉ የሚፈልገው እሱን ነው።»

«አጥፊው!»

«ለምን?»

«አጥፊው አልሁሽ!»

«ምክንያቱን ይንገሩኝና አጠፋዋለሁ። ሰው እየጻፈ ነው። ‹ይሄ የገድሉ ነው፣ አይሠራም› ይላሉ። እኔም ለያንዳንዱ እየመለስኩ ነው፤ ‹ገድሉ አበላሽቶት ነው እንጂ አባቴ አይዋሽም› እያልኩ። የራሂማ መኪና ላይ ሠርቼ፣ ቀርጬ፣ አፋቸውን ላስይዛቸው ነበር። ይኸው መርፌ ስሰብር ዋልኩ።»

አባቴ አይዋሽም! ጋሽ አዘዘ እንደ ልማዳቸው ተቆጡ። «ዞር በይ!» ብለው ካቻቢቴውን ከእጇ ነጠቁ። ቡሎኑን አላሉ፣ መዘውሩን በቀኝ እጃቸው አዞሩት። መርፌው ወረደ፣ ወረደ፣ ታች ደረሰ። ሰው ፊት ሁልጊዜ የሚያስሩት እዚህ ጋ ነበር። እጃቸው አልታዘዝም አለ። መዘውሩን ትንሽ ገፋ አደረጉት፣ መርፌው የክብሪት እንጨት ያህል ከፍ አለ፤ ያን ጊዜ አሰሩት። አዲስ መርፌ ገጥመው ስሱን ጨርቅ አስገቡ። መኪናው አንዲት ስፌት ሳይዘል ከጫፍ ጫፍ ሄደ።

ራሂማ «አልሐምዱሊላህ!» አለች። የሔራን ዓይን መርፌው ላይ ነው።

«ከፍ አደረጉት» አለች።

«ምኑን?»

«መርፌውን። ታች ሲደርስ አላሰሩትም።»

ሊዋሹ ይችሉ ነበር። መኪናው አሮጌ ስለሆነ ነው ቢሏት ታምናቸው ነበር፤ ስድስት ዓመት ስታምን አልኖረች? አፋቸውን ከፈቱ። ሦስቱን የተሰበሩ መርፌዎች አዩ፣ የልጃቸውን ፊት አዩ።

«እንዲያ ነው የሚታሰረው» አሉ።

«ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ።»

«ያ አላህ!» አለች ራሂማ። «ልጅዎንም?»

ሔራን አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻላቸው ነበር። «ስድስት ዓመት» አለች ቀስ ብላ። «ሰው ሲሰድበኝ እዚያች ወንበር ላይ ተቀምጠው ያዩኝ ነበር። ሻይ እየጠጡ! እቤት ስንገባ ‹አይዞሽ፣ ሁሉም ሰው ለሁሉም ሙያ አልተፈጠረም› ይሉኝ ነበር። እኔ እኮ አመሰግንዎት ነበር፣ አባባ። ባልረባም አላባረሩኝም ብዬ!»

«ልነግርሽ ነበር...»

«መቼ? ሲሞቱ?»

ሔራን ስልኳን ከማስቀመጫው ላይ ተከለችው፣ አስተካከለችው፣ ወንበሩን በእግሯ ወደሳቸው ገፋችው።

«ይቀመጡ። ለገድሉ የነገሩትን፣ ለኔ የነገሩኝን፣ እውነቱንም ይናገሩ። ቡሎኑንም ፈተው እንደገና ይሰሩ፣ ሰው ይይ።»

«ገድሉም እኮ እያወቀ...»

«ስለ ገድሉ አልጠየቅኩዎትም።»

«ሰው ምን ይለኛል?»

«የሚልዎትን ይልዎታል። ቴሌግራም ነው፣ ይጽፉልዎታል።»

ተቀመጡ። መጀመሪያ ስለ ፋብሪካው ጀመሩ፣ አለቃቸው እንዴት ይደብቃቸው እንደነበር ማውራት ጀመሩ፤ ሔራን ቪዲዮውን አቆመችና «ስለራስዎ» አለቻቸው። እንደገና ጀመሩ። በዚህኛው «ገድሉን ሆን ብዬ ዋሸሁት» አሉ። መርፌውን አወረዱ፣ ከፍ አደረጉ፣ አሰሩ። ጨረስሁ ብለው ሊነሡ ሲሉ ሔራን ከካሜራው ኋላ ሳትንቀሳቀስ ጠበቀች። መልሰው ተቀመጡ። «ልጄንም ዋሸኋት» አሉ። «የሠራችው መኪና የሚመለሰው በሷ ጥፋት አልነበረም። እጇ ደኅና ነው። ከኔም ይሻላል።» የመጨረሻዋን ቃል ሲሉ ጠረጴዛውን ነበር የሚያዩት።

ሔራን አልቆረጠችውም፣ አላሳመረችውም። ዘጠነኛውን አጥፍታ እሱን ለቀቀችው። ከዚያ የአባቷን ስልክ አንሥታ አንዳንድ ነገር ነካካች።

«ቻናሉ በርስዎ ስልክ ገብቷል። ይቺ የድምፅ ናት፣ ተጭነው ይናገራሉ። ከእንግዲህ የሚመልሱት እርስዎ ነዎት።»

«አንቺስ?»

ሔራን ቱታዋን አውልቃ ሚስማሩ ላይ ሰቀለች። ለራሂማ «ነይ፣ መኪናሽን እናድርስ፤ እግሩ ላይ የምገጥመው እኔ ነኝ» አለቻት። መኪናውን ለሁለት ይዘው ወጡ።

«ነገ ትመጫለሽ?» አሉ ጋሽ አዘዘ።

ባጃጁ ሄደ።

ብቻቸውን ቀሩ። የሚጠሉት ስልክ ጠረጴዛው ላይ ይንጫረራል። የሚሳደብ ብዙ ነው። አንዱ «ሽማግሌ ሌባ» ብሏል፣ አንዷ ስድስት መርፌ የሰበረችበትን መኪና ቀርጻ ልካለች። ከመሀላቸው አንድ የድምፅ መልእክት መጣ። ተጫኑት።

«ጋሽ አዘዘ፣ እንደምን ዋሉ? ከእንፍራንዝ ነው የምደውል... የምልክልዎ። ልብስ ሰፊ ነኝ። ያሉትን ሰምቼ አሁኑኑ አሰርሁት፣ እውነትም ሠራ። እግዜር ይስጥልኝ። አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ፤ እንዳይቀየሙኝ። ሌላ የደበቁት ነገር አለ?»

ደግመው ሰሙት። ወደ በሩ አዩ፤ ደጁ ላይ ማንም የለም። ዝም ቢሉ ማን ያውቃል? ስልኩን ገልብጠው አስቀመጡት። ተነሡ፣ ሱቁን ሊዘጉ ቁልፍ ፈለጉ፣ አገኙት፣ መልሰው ተቀመጡ። ስልኩን አነሡና ልጃቸው ያሳየቻቸውን ቦታ ተጫኑ።

«አለ» አሉ። «አሥራ አራተኛው ትምህርት ላይ።»